«የማን ልጅ ነሽ?» ቀርቶ «አካውንትሽ ምንድነው?»

ትርንጎ ዘፒያሳ (ውይይቱን የከፈተች) • እሑድ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ፀጉር ቤት አለኝ። ሥራዬ እጅ እንጂ ጆሮ አይዝም፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሰው ስለራሱ ሲያወራ ስሰማ እውላለሁ። አንድ ነገር እየከነከነኝ ስለሆነ እናንተው ፍረዱ።

ድሮ ደንበኛ ስትመጣ «እገሊት ሠርጓ ላይ የተሠራችውን ዓይነት ሥሪኝ» ነበር የምትለው። እገሊት የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ፀጉሯን ከፊትም ከጎንም ከኋላም ዞረን አይተነዋል። አሁን ስልክ ታወጣና የማታውቃትን ሴት ታሳየኛለች። ይሄ ግድ የለም፣ ፋሽን ነው። የገረመኝ ሌላ ነው፤ «ከኋላ ብዙ አትድከሚ፣ ከፊት ነው የምቀረጸው» የሚሉኝ እየበዙ ነው። ግማሽ ራስ ተሠርቶ ሙሉ ሒሳብ ተከፍሎ ይወጣል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላዋ የሚቆመውስ? እሱ ዓይን የለውም?

እንግዲህ ጥያቄዬ። እኔን ያሳደገኝ መንገዱ፣ ጎረቤቱና ሐይቁ ነው ብዬ ነው የማምነው። ያደግኩበት ግቢ ውስጥ የወላይታም፣ የጉራጌም፣ የሲዳማም፣ የአማራም ቤተሰብ ነበር። ማን ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ገመድ ለመዝለል ማንም ቅጽ አስሞልቶን አያውቅም። ስልኩ ገና ስትገቢ ስም አምጪ፣ ፎቶ አምጪ፣ ስለራስሽ ጻፊ ይላል። ጽፈሽ ስትጨርሺ ደግሞ የጻፍሽውን መምሰል ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። ስልኩ እንደ ሰፈር እያሳደገን ነው ወይስ እያስመሰለን? የየራሳችሁን አምጡ፤ ከኢንተርኔት የተገለበጠ ጥቅስ አልፈልግም።

ቆሮሶ በአዋዜ

እኔ ፀጉር ያለኝ ከኋላ ብቻ ነው። ቅናሽ አለው?

አባ ኮዳ

ትርንጎ ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ሐዋሳ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ በ1952 ዓ.ም. አካባቢ ተቆረቆረች፣ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነቱን ከይርጋለም ተረከበች፣ ከዚያ ወዲያ ሰው ከየአገሩ እየመጣ ሞላት። ጎዳናዎቿ ሰፊና ቀጥ ያሉ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በፕላን የተሠራች ናት። ይህ በሰው ጠባይ ላይ ያመጣውን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ጠባብ መንደር ውስጥ ያደገ ልጅና እንዲህ በተከፈተ ጎዳና ላይ ያደገ ልጅ አረማመዳቸው እንኳ ይለያያል። ሁሉም መጤ ስለነበረ ዕድር የገባ ሁሉ ነባር ነበር።

ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በሰፈሩ አንድ ቢገኝ ነው። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለን እናያለን። የቤቱ እማወራ ቡና እያፈሉ «ይሄስ ነውር ነው፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ» ይሉናል፤ ዜናው ሲያልቅ አባቶች ይከራከራሉ። ስለዚህ ያየነው ነገር በሰው ተጣርቶ ነው ወደ እኛ የሚገባው። ዛሬ አንድ ሶፋ ላይ አራት ሰው አራት የተለያየ ዓለም ያያል፤ ማንም ለማንም አያጣራለትም።

ሌላው የማልወደው በቅጽል ስም ተሸሽጎ መናገርን ነው። እኛ የተናገርነውን በስማችን ተናግረን፣ ጧት ከሰማን ሰው ጋር ተገናኝተን ሰላምታ እንሰጣጥ ነበር።

ቆሮሶ በአዋዜ

ጋሼ፣ በስማችን እንናገር የሚሉን «አባ ኮዳ» በሚል ስም ሆነው ነው። ሃሃሃ።

አባ ኮዳ

እርሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ልጄ ናት የከፈተችልኝ።

ዳቶ ሰፈር

እኔ ከሁለታችሁም ጋር አልስማማም። ከበንሳ ነው የመጣሁት፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ ነኝ። ፓርኩ ሐምሌ 2008 ከተመረቀ ወዲህ ከየወረዳው የመጣነውን ልጆች በፈረቃ መውጫ ሰዓት ቆማችሁ ብታዩ ይገባችኋል፤ መንገዱ በሴት ነው የሚሞላው።

እህቴ ትርንጎ፣ «ማንም ቅጽ አስሞልቶን አያውቅም» ያልሽው ሐዋሳ አንቺን ስላልጠየቀችሽ ይሆናል። እኛ ቤት ስንፈልግ የመጀመሪያው ጥያቄ «የፓርክ ልጆች ናችሁ?» ነው። አዎ ካልን ወይ ኪራይ ይጨመራል፣ ወይ ውሃ አታብዙ፣ ወንድ እንዳይመጣ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም የሚል ዝርዝር ይመጣል። አገር ቤት «የእገሌ ልጅ» ነኝ፣ ስሜን የሚጠራው የለም። ሥራ ቦታ መስመሬ ነኝ፤ እጅጌ ነው የምሰፋው፣ ከጧት እስከ ማታ እጅጌ። ሙሉ ሸሚዝ ሰፍቼ አላውቅም። ሰፈር ውስጥ ደግሞ የፓርክ ልጅ። አንዱንም እኔ አልመረጥኩትም።

ማታ የምገባበት ክፍል ውስጥ ከሦስት ልጆች ጋር ነው የማድረው። የራሴ የምለው ቦታ ቢኖር የዚያች ስልክ ስክሪን ስፋት ናት። እዚያ ላይ ለራሴ ስም አወጣሁ። ጨርቅ ቆርጬ፣ በእጅ መርፌ ከአንገት እስከ ጫፍ ቀሚስ እንዴት እንደሚሰፋ እያሳየሁ እቀርጻለሁ። ሰዎች «ዲዛይነሯ» ይሉኛል። እኔ ባለሁበት ፋብሪካ ዲዛይነር የሚባል ሰው በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ንድፉ ከውጭ ተልኮ ነው የሚመጣው። ታዲያ የቱ ነው ማስመሰል፣ ቀን እጅጌ የምሰፋው ወይስ ማታ ቀሚስ የምሰፋው?

ጋሼ፣ በስምሽ ተናገሪ ላሉት ደግሞ፦ በስሜ ቢሆን አንድ ቪዲዮ አልሠራም ነበር። በሌላ ስም ሆኜ እንኳ አላመለጥኩም። አገር ቤት ያለው ታላቅ ወንድሜ ቁጥሬን ስልኩ ላይ ስለያዘ፣ ቲክቶክ ራሱ «ይህቺን ታውቃት ይሆናል» ብሎ አመጣኝለት። ቪዲዮው ላይ ቀሚስ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ደውሎ «አባባ ሳያይ አጥፊው» አለ። ደመወዜን ስልክለት ግን ከየት መጣ ብሎ አያውቅም። ቪዲዮው አለ፤ እሱ ነው የታገደው።

ትርንጎ ዘፒያሳ

ዳቶ የኔ እናት፣ «የፓርክ ልጅ» የሚለውን እኔም ፀጉር ቤቴ ውስጥ ሲባል እሰማለሁ። እንደ ስድብ የሚሉትም አሉ። ግን እስቲ ልጠይቅሽ፤ «ዲዛይነሯ» የሚሉሽ ሰዎች ታመሽ ብትተኚ ሾርባ ይዘው ይመጣሉ?

ዳቶ ሰፈር

አይመጡም። አከራያችንም አልመጡም። የመጡት አብረውኝ የሚያድሩት ልጆች ናቸው፤ እነሱም ዩኒፎርሙን የለበሱ የፓርክ ልጆች ናቸው።

ሶሾ ሦስተኛ ዓመት

እዚሁ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ እማራለሁ። ትርንጎ ጥቅስ አልፈልግም ስላለች በራሴ አፍ ልሞክር፤ የዳቶ ወንድም ጉዳይ ከተማርነው ነገር ጋር ልክክ ስላለብኝ ነው።

ካናዳ ተወልዶ አሜሪካ ያስተማረ ኤርቪንግ ጎፍማን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሰው በየቦታው መድረክ ላይ እንዳለ ተዋናይ ነው ብሎ ነበር። እንግዳ ፊት ሳሎን ውስጥ አንድ ዓይነት ነን፤ ጓዳ ገብተን ቀበቶ ስንፈታ ሌላ። ሁለቱም እውነተኛ እኛ ነን። ጓዳ ስላለ ነው ሳሎኑ የሚቻለው። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ጆሹዋ ሜይሮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህን ወስዶ ስለ ቴሌቪዥን ጻፈበት። ነገሩ ባጭሩ፣ ግድግዳ ሥራው ተመልካችን መለየት ነበር፤ ልጆች የአዋቂን ወሬ አይሰሙም፣ ሠራተኛ የአለቆችን ስብሰባ አያይም። ቴሌቪዥን ሲመጣ ግድግዳው ቆሞ ሳለ ሥራ አቆመ። ጋሼ አባ ኮዳ የነገሩን ቤት ውስጥ እማወራዋ «ዓይናችሁን ጨፍኑ» ሲሉ የነበረው ያንን ግድግዳ በእጃቸው ሊተኩ ነው።

የዳቶ ነገር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ወንድሟ፣ አከራይዋ፣ አለቃዋና ተከታዮቿ አራት የተለያየ ክፍል ውስጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው። አንድ ስልክ ቁጥር ሁሉንም አንድ ክፍል አጎራቸው። የእኛ መምህር «የአውድ መደርመስ» ይሉታል። ስለዚህ «ሰፈር ወይስ ስልክ» የሚለው ጥያቄ ለእኔ ብዙም አይጥመኝም፤ ከአንተ ጋር ክፍሉ ውስጥ ማን አለ፣ ማንስ አስገባው የሚለው ነው።

ቆሮሶ በአዋዜ

ቤቱ አንድ ክፍል የሆነ ሰውስ፣ ጓዳው የት ነው?

ዳቶ ሰፈር

ነገርኳችሁ እኮ። ስልኩ ነው።

ጋነር ሐይቅ ዳር

እናንተ ዝም ብላችሁ ትፈላሰፋላችሁ። እኔ ማንነቴ ቅዳሜ ከሰዓት አርሰናል ነው፣ በሌላው ቀን ባጃጅ ነጂ።

አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? አግዳሚ ወንበር፣ የተዘጋ መስኮት፣ በር ላይ ገንዘብ የሚቀበል ልጅ። በዚህ በኩል አርሰናል፣ በዚያ በኩል ማንቼ። አንዱ ሰባኪ ነው፣ አንዱ ሐኪም ቤት ነው የሚሠራው፣ አንዱ ሊስትሮ ነው፤ ለዘጠና ደቂቃ ማንም ያንን አያነሳም። የአርሰናል አሰልጣኙ ቬንገር በ2010 ሲሰናበት አጠገቤ የነበረ ትልቅ ሰው አለቀሰ። ለንደንን በካርታ አሳይ ቢባል አያሳይም።

አሁን የሚገርመው ይሄ ነው። ከተማችን ሁለት ጊዜ ሊጉን የበላ ቡድን አላት፣ ሐዋሳ ከተማ፣ በ1996 እና በ1999። ስታዲየሙ ቅርብ ነው። ግን ብዙ ልጅ አይሄድም ነበር፣ «የሀገር ውስጥ ኳስ» ተብሎ ይናቃል። ከዚያ በ2013 ሱፐርስፖርት የእኛን ሊግ ማስተላለፍ ጀመረ። በዚያው ዲኤስቲቪ ቤት፣ በዚያው አግዳሚ፣ አርሰናልን ያየንበት ስክሪን ላይ የሰፈራችን ልጅ ስሙ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወጣ። ያን ቀን ስታዲየም ረግጠው የማያውቁ ልጆች «ቡድናችን» ሲሉ ሰማሁ። ስታዲየሙ እዚሁ እያለ ቡድኑ የእኛ መሆኑን የነገረን ደቡብ አፍሪካ ያለ ጣቢያ ነው። ትርንጎ፣ ይሄን ፍረጂ እስቲ።

ትርንጎ ዘፒያሳ

ይሄንን አልጠበቅኩም። እንግዲህ ስክሪን ካላየን በቀር ያለን ነገር አይታየንም ማለት ነው? ያናድዳል።

አይዴ

የምትናደጂበት ምክንያት ይገባኛል፤ ለእኔ ግን ያ ነገር ሕይወቴ ነው።

ጋሼ አባ ኮዳ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። «ሰው ከየአገሩ እየመጣ ሞላት፣ ሁሉም መጤ ነበረ» ሲሉ፣ ከመሞላቷ በፊት እዚህ ከብት የሚያሰማሩት የእኔ አያት የት ሄዱ? ሲዳማ ነኝ። ያደግኩት ከተማው ውስጥ ነው። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ትምህርት ቤት በር ላይ በሲዳምኛ ትጠራኛለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ። ማንም አልከለከለኝም። የሱቁ ሰሌዳ፣ ሬዲዮው፣ የክፍሉ ቀልድ ሁሉ በአማርኛ ነው፤ ልጅ ደግሞ ቦታው የሚናገረውን ነው የሚናገረው። ትርንጎ «ማንም ቅጽ አስሞልቶን አያውቅም» ያልሽበት ግቢ ውስጥ የነበረው የሲዳማ ቤተሰብ ልጅ በምን ቋንቋ ነበር ገመድ የሚዘለው?

ለእኔ የተቀየረው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ቦታ ነው፣ ሐይቁ ዳር ያለው የበዓል ሜዳ፣ ጉዱማሌ። የእኛ የዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጨምበላላ፣ ቀኑ እንደ እንቁጣጣሽ የተቆረጠ አይደለም፤ አያንቶዎች (ሰማይ የሚያነቡ አዋቂዎቻችን) ጨረቃና ከዋክብት አይተው ነው የሚነግሩን። ዋዜማው ማታ ቤተሰቡ በሙሉ በሁሉቃ (በቅርንጫፍ በተሠራ ቅስት) ሥር ያልፋል፣ ቡርሳሜ (የእንሰት ምግብ በቅቤ) በሻፌታ፣ በሸክላ ገበታችን፣ ቀርቦ አንድ ላይ ይበላል። በኋላ ሐይቁ ዳር ያንን ሁሉ ሕዝብ፣ ያንን ቄጣላ (የጋራ ጭፈራና ዜማ) ስትሰማ አንተ ብቻህን እንዳልሆንክ እግርህ ይነግርሃል። በ2008 ዩኔስኮ ሲመዘግበው ሰው በጣም ተደሰተ፤ እኔ ግን ከዚያ በፊትም እዚያ ሜዳ ላይ ቆሜ ነበር።

ሁለተኛው፣ ትስቁ ይሆናል፣ የድሮው ኖኪያ ነው። ያ ስልክ የግእዝ ፊደል አልነበረውም። እናንተ በላቲን ፊደል እየተኮላተፋችሁ «ሰላም ነው» ስትጽፉ የእኛ ቋንቋ ግን የሚጻፈው በላቲን ነው። ክፍል ውስጥ እንደተማርነው አድርገን እንዳለ እንጽፍ ነበር። ከተማ ውስጥ ሲዳምኛ የጻፍኩት መጀመሪያ እዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ ነው፣ ለአጎቴ ልጅ። በቃል ለመናገር የማፍርበትን በጽሑፍ አልፈራሁም፤ ማንም አያየኝማ። ሶሾ እንዳለው ጓዳ ሆነልኝ። ከጓዳ ነው ወደ አደባባይ የወጣሁት።

አሁን ሲዳማ ሚዲያ ኔትወርክ አለ፣ እናቴ ዜና በቋንቋዋ ትሰማለች። ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ቴሌቪዥን ላይ የሚወጣው ሲዳማ ብዙ ጊዜ የባህል ልብስ ለብሶ የሚዘፍን ነው። የመንገድ መሐንዲስ ነኝ። በሥራ ልብሴ፣ ጭቃ በጫማዬ ሆኜ ሲዳማ መሆኔን የሚያሳይ ካሜራ አላየሁም። ጣቢያው እኔን ያገኘኝ ለበዓል ብቻ ነው።

አባ ኮዳ

አይዴ፣ አያትህ የትም አልሄዱም፤ እኔ ስለ ከተማው ነው የተናገርኩት እንጂ ስለ መሬቱ አይደለም። ሆኖም ልጆቼን ሳስተምር ሲዳምኛ አልተማርኩም፣ ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ። በሌላው ግን አልለቅህም። እናትህን በአማርኛ የመለስካት ቦታው አስገድዶህ ከሆነ፣ ዛሬ ቦታውም ስክሪኑም ሲቀየር የሚያስገድደው ሌላ ሰው አይኖርም? ሐዋሳ ውስጥ አሁን ቋንቋውን ደብቆ የሚያልፍ ልጅ የማነው?

አይዴ

ሊኖር ይችላል ጋሼ። ያ ልጅ ሲጽፍ ግን እኔ አነበዋለሁ።

አወያይ

ከዚህ በታች የነበሩ ሁለት አስተያየቶች ተነሥተዋል። ብሔር ጠርቶ መሳደብ በዚህ ቤት አይፈቀድም። አይዴና አባ ኮዳ እንዴት እንደተከራከሩ ከላይ ተመልከቱ።

ዲሲ ያለ ሐዋሳዊ

ዘግይቼ ነው የገባሁት፣ እዚህ አሁን ሌሊት ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ነኝ፣ ታክሲ እነዳለሁ። ሐዋሳ ሳለሁ «እኔ ማነኝ» ብዬ ቁጭ ብዬ ያሰብኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። እዚህ መጥቼ ነው በየቀኑ የማስበው። ከሥራ ስወጣ መኪናው ውስጥ ሆኜ በድሮን የተቀረጸ የሐዋሳ ቪዲዮ አያለሁ፤ ሐይቁ፣ ታቦር ተራራ፣ የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ጉልላት። ከላይ ሲታይ ጭቃ የለ፣ ወረፋ የለ። ችግሩ እንዲህ ካየሁት በኋላ ላይቭ ውስጥ ገብቼ አገሬን ለማዳን እጮሃለሁ፤ ጧት ድምፄ ዘግቶ ተሳፋሪ አመላልሳለሁ። እዚህ ያለው የእኛ ሰው ከእናንተ ይልቅ ስለ እናንተ ይጨነቃል ቢባል ማጋነን አይደለም።

ጋነር ሐይቅ ዳር

ወንድሜ፣ አትቀየመኝና የምትጨነቁት ስለ ቪዲዮው ነው። እናንተ ላይቭ ላይ ስትሰዳደቡ እዚህ በማግሥቱ ሰው ባጃጄ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጦ አይነጋገርም። ለእናንተ ጊፍት (የተመልካች ስጦታ) ነው የሚወርደው፤ ለእኛ ጎረቤት ነው የሚኮራረፈው።

ዲሲ ያለ ሐዋሳዊ

ልክ ነህ ልልህ አልችልም፣ ሁላችንም እንደዚያ አይደለንም። በሰኔ 2012 ኢንተርኔት ሲዘጋ ለሦስት ሳምንት ያህል እናቴን በመደበኛ ስልክ ካርድ እየገዛሁ ነው ያገኘኋት። ያን ጊዜ ስለ ፖለቲካ አንድ ቃል አላወራንም። ስለ ጉልበቷ ብቻ።

ትርንጎ ዘፒያሳ

መዘጋቱን ካነሳህ፣ እኔ የካቲት 2015ን ነው የማስታውሰው። ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ ታግደው እስከ ሐምሌ ቆየ፤ የታገደውን የሚያስከፍተውን ቪፒኤን የሚባል ነገር የሰፈራችን ዳቦ ሻጭ ሳይቀር ያወቀው ያኔ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ደንበኞቼ የሚያሳዩኝ ፎቶ ጠፋ። ግድግዳዬ ላይ የነበረው ያረጀ ፖስተር ላይ ጣታቸውን መጠቆም ጀመሩ፤ እርስ በርስም «ያንቺን ማን ሠራሽ?» መባባል መጣ። ደስ አለኝ፣ የድሮው ሐዋሳ የተመለሰ መስሎኝ። ግን ሌላም ነገር አየሁ። በቲክቶክ ቅመማ ቅመም የምትሸጥ አንዲት ደንበኛዬ ያን ሰሞን ገበያዋ ደርቆ ፀጉሯንም መሠራት አቆመች። ሱቅ የላትም፤ አካውንቷ ነበር ሱቋ። ሲዘጋ ከቤት የማትወጣ ሴት ሆነች። ለእሷ የተመለሰ ሐዋሳ አልነበረም።

ሶሾ ሦስተኛ ዓመት

ትርንጎ፣ ይሄ ከእኛ ሞጁል ይሻላል።

በነገራችን ላይ ማንም ያላነሳው ነገር አለ፤ ቅጽ ማስሞላትን የጀመረው ስልክ አይደለም። የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል ቦታ አልነበረም እንዴ? ጓደኛዬ እናትና አባቱ የተለያዩ ናቸው፤ ጸሐፊዋ «አንዱን ምረጥ፣ ቦታው ጠባብ ነው» ብላዋለች። በአንጻሩ የአሁኑ ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ብሔር አይጠይቅም፤ ጣትህንና ዓይንህን ነው የሚወስደው። ወረቀቱ የዘር ሐረግ ጠየቀ፣ ኮምፒዩተሩ አካል ጠየቀ። የትኛው እንደሚሻል እንጃ፣ ጓደኛዬ ግን በፋይዳው ደስተኛ ነው።

ጋነር ሐይቅ ዳር

እኔ ባጃጄ መስታወት ላይ የመልአኩ ስዕል፣ የአርሰናል መድፍና የቲክቶክ ስሜ ተለጥፏል። ትራፊክ ፖሊሱ «ይሄን ሁሉ ለጥፈህ ከኋላ ምን ይታይሃል?» ይለኛል። ማን መሆኔን ለማወቅ ለፈለገ ግን መታወቂያ አያስፈልገውም።

ቆሮሶ በአዋዜ

ለአንድ ጊዜ ቁም ነገር ልናገር። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነው የምሠራው፣ ዓሣ እበልታለሁ። ቱሪስቱም፣ ቲክቶከሩም፣ ሁሉም ይቀርጸኛል። ቢላዬን ሳፈጥን ይወዳሉ፣ ስለዚህ ካሜራ ሳይ አፈጥናለሁ። ካሜራ ከሌለ ቀስ ብዬ ነው የምሠራው፤ ሥጋው እንዳይባክን። አለቃዬ ያስተማረኝ ቀስ ብሎውን ነው። አሁን አዲስ የሚገቡት ልጆች ከእኔ ሳይሆን ከቪዲዮዬ እየተማሩ ይመጣሉ። ቢላውን ያፈጥናሉ፣ አከርካሪው ላይ ግማሽ ሥጋ ይቀራል። «አንተ ነህ እንዲህ የምትሠራው፣ አይተንሃል» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

ትርንጎ ዘፒያሳ

ቀስ ብለህ ስትሠራ አስቀርጻ!

ቆሮሶ በአዋዜ

ቀርጸን ለጠፍነው። ያየው የለም።

አባ ኮዳ

ዳቶ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወንድምሽ በቁጥርሽ አገኘኝ ብለሻል። እኔ ቴሌግራም ላይ ነኝ፤ የቀድሞ ተማሪዎቼ ያሉበት ትልቅ ግሩፕ ውስጥም እጽፋለሁ። ቁጥሬ ለማንም ይታያል ማለት ነው? እዚህስ አባ ኮዳ እኔ መሆኔን ሊያውቁ ይችላሉ?

ዳቶ ሰፈር

እዚህ አያውቁም ጋሼ፣ አጻጻፍዎን ካላወቁት በቀር። ቴሌግራሙን ግን አሁኑኑ ያስተካክሉ። ሴቲንግ ይግቡ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ የሚለውን፣ ከዚያ ፎን ነምበር። «ማን ቁጥሬን ያያል» የሚለው ላይ ኖባዲ ያድርጉት። ከሥሩ «ማን በቁጥሬ ያገኘኛል» የሚል ሌላ ይመጣል፣ እሱን ማይ ኮንታክትስ ያድርጉት። ቲክቶክ ካለዎት ደግሞ ፕራይቬሲ ውስጥ አካውንትዎን ለሌሎች የሚጠቁመውን ያጥፉ። እኔ ይሄን ያወቅኩት ከወንድሜ በኋላ ነው፤ ለአብሮ አዳሪዎቼ ሁሉ እኔ ነኝ ያስተካከልኩላቸው፣ ፈረቃ ላይም ልጆች ስልክ ይዘው ይመጡብኛል።

አባ ኮዳ

ቲክቶክ የለኝም። ቴሌግራሙ ላይ ተገኘ፣ ኖባዲ የሚለውን ነካሁት። ታዲያ ልጆቼም አያገኙኝም?

ዳቶ ሰፈር

ቁጥርዎን የያዘ፣ እርስዎም የእሱን ቁጥር የያዙለት ሰው ያገኝዎታል ጋሼ፣ ይደውልልዎታልም። የተዘጋው ለማያውቅዎት ሰው ነው።